ፍየሏ ስንት ኪሎ ናት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ስለ ትል፣ ስለ ግልገል፣ ስለ ተነፋ ሆድና ስለ ሽንት ይጠይቃሉ። የእንስሳውን ክብደት የጻፈልን ግን አንድም ሰው የለም። የመድኃኒቱም፣ የእንገሩም፣ የሶዳውም መጠን የሚወጣው ከክብደት ስለሆነ ሚዛን የሌለው ሰው እንዴት እንደሚለካ የሚያሳየውን መልስ አስቀድመናል።

ጥያቄ፦ ስምንት ፍየሎች አሉኝ። በየሦስት ወሩ ለሁሉም የትል መድኃኒት አጠጣለሁ። ያም ሆኖ ዝናብ ሲጀምር ሁለቱ ይከሳሉ፣ ጸጉራቸው ይንጨባረራል፤ አንደኛዋ መንጋጋዋ ሥር ውሃ የቋጠረ የሚመስል እብጠት አውጥታለች። ተቅማጥ የላቸውም። መድኃኒቱ የተበላሸ ይሆን?

መልስ፦ መድኃኒት ይበላሻል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚሳሳተው መጠኑና አሰጣጡ ነው።

የነገሩን ምልክት ደም መጣጩ የጨጓራ ትል፣ ሄሞንከስ የሚባለው፣ የሚያመጣው ነው። ይህ ትል እንደ ሌሎቹ አያስቀምጥም፤ ብዙ ሰው «ተቅማጥ የላትም፣ ትል አይደለም» ብሎ የሚዘናጋውም ለዚህ ነው። አንዱ ትል በቀን የሚመጠው ደም 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው። አንድ ሺህ ትል ያለባት ፍየል ግን በየቀኑ 50 ሚሊ ሊትር ታጣለች። ከደሙ ጋር ፕሮቲኑም ስለሚሄድ ውሃው ከደም ሥር እየወጣ ዝቅ ያለ ቦታ ይጠራቀማል። ፍየል ስትግጥ አቀርቅራ ስለምትውል ያ ቦታ መንጋጋዋ ሥር ይሆናል።

ማን መድኃኒት እንደሚያስፈልገው የሚነግርዎ ካላንደር ሳይሆን የዐይን ሽፋን ነው። በአንድ አውራ ጣት የላይኛውን ሽፋን ከድነው ቀስ ብለው ይጫኑ፤ በሌላው አውራ ጣት የታችኛውን ወደ ታች ይሳቡ። ብቅ የሚለውን ሥጋ ቀለም በፀሐይ ብርሃን ይዩ፤ በረት ውስጥ ሁሉም ሐመር ይመስላል። ቀይ ወይም ጥሩ ሮዝ ከሆነ ይተዉአት። ነጣ ያለ ሮዝ ከሆነ መድኃኒት ይስጧት። ወረቀት ከመሰለ ዛሬውኑ መድኃኒት ይስጧት፣ ከመንጋው ጋርም አያሩጧት፤ ደም የሌላት ፍየል በሩጫ ብቻ ልትወድቅ ትችላለች። መካከለኛ ቀለም ያላትን ከከሳች፣ ካረገዘች ወይም ግልገል ከሆነች ያክሟት። በዝናብ ወራት ይህን በየሁለት ሳምንቱ ያድርጉ። ስምንት ፍየል ለማየት ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ለሁሉም በአንድ ቀን ማጠጣትዎን ይተዉ። መድኃኒቱን ችለው የሚተርፉ ጥቂት ትሎች ሁልጊዜ አሉ። መንጋው በሙሉ ሲታከም የሚራቡት እነሱ ብቻ ይሆናሉ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ ቢሆንም ባይሆንም ለውጥ የለውም። ጤነኞቹን ሳያክሙ ሲተዉአቸው መድኃኒቱ የሚገድላቸው ትሎችም በመስኩ ላይ ይቆዩና ዘሩን ይደባልቁታል።

አሁን ወደ ክብደቱ። በዐይን ግምት አብዛኛው ሰው ትልቋን ፍየል ያሳንሳል፤ ያነሰ መጠን ደግሞ ትሉን ሳይገድል መድኃኒቱን ያስለምደዋል። የልብስ ሰፊ ሜትር ይያዙ። ፍየሏ በአራት እግሯ ቀጥ ብላ ትቁም። ከፊት እግሯ ኋላ የደረቷን ዙሪያ፣ ከዚያም ከትከሻዋ ጫፍ እስከ ታፋዋ የኋላ አጥንት ጫፍ ርዝመቷን በሴንቲ ሜትር ይለኩ። ዙሪያውን በራሱ፣ ከዚያም በርዝመቱ ያባዙና ለ10,840 ያካፍሉ፤ የሚያገኙት ኪሎ ግራም ነው። ዙሪያው 70፣ ርዝመቱ 65 ከሆነ 70 × 70 × 65 = 318,500፤ ሲካፈል 29 ኪሎ ከትንሽ። ላረገዘች ፍየል ቀመሩ ያን ያህል አይታመንም።

ሌላው ስሕተት ጠርሙሱ ላይ ያለውን የበግ መጠን ለፍየል መስጠት ነው። የፍየል ጉበት ብዙዎቹን የትል መድኃኒቶች ከበግ ጉበት ፈጥኖ ስለሚያስወግድ ለበግ የበቃው ለፍየል ላይበቃ ይችላል። የእርስዎን መድኃኒት ስም ይዘው የእንስሳት ሐኪም የፍየሉን መጠን ይጠይቁ፤ በራስዎ እጥፍ አያድርጉ። በተለይ ሌቫሚዞል ከመጠን ሲያልፍ ይመርዛል። አልቤንዳዞልን በመጀመሪያው የእርግዝና ወር አይስጡ፤ ፅንሱን ያበላሻል። መድኃኒቱን ከሰጧት ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ የበጠጧን ናሙና ለምርመራ ያስወስዱ። በበጠጡ ውስጥ ያለው የትሉ እንቁላል ቁጥር ከመድኃኒቱ በፊት ከነበረው ቢያንስ 95 በመቶ ካልቀነሰ ያን ጊዜ መድኃኒቱን መጠርጠር ትክክል ነው።

መስኩም አለ። እንቁላሉ ከበጠጥ ጋር ከወጣ በኋላ ሙቀትና እርጥበት ካገኘ በሳምንት ገደማ ተፈልፍሎ ለመዋጥ የደረሰ እጭ ይሆናል፤ እጩም አብዛኛውን ጊዜ ከሣሩ ግርጌ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ስለዚህ ሣሩ ከአንድ ስንዝር ሲያጥር ፍየሎቹን ያንሷቸው፤ ጠዋትም ጤዛው ሳይረግፍ አያሰማሩ። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የተባለው በከንቱ አይደለም፤ ተፈጥሮዋ ቁጥቋጦ ላይ ነው፣ ትሉ ደግሞ ቁጥቋጦ አይወጣም። ከፍየሎቹ ኋላ በጎችን ማሰማራት አይረዳም፤ ትላቸው አንድ ነው። ላምና አህያ ግን የፍየሉን ትል አብዛኛውን ውጠው ያስቀሩታል።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ የወለደችው ፍየላችን መንታ ወልዳ አንዱን በቀንዷ እየገፋች አታጠባም። ግልገሉ ደክሟል፤ አፉ ቀዝቃዛ ነው። የላም ወተት በጡጦ ብንሰጠው ይሻላል?

መልስ፦ ደብዳቤው በደረሰን ሰዓት ይህ ግልገል ወይ ድኗል ወይ ሞቷል፤ መልሱ ለሚቀጥለው ነው።

አፉ ቀዝቃዛ ከሆነ ወተት አይስጡት። ጣትዎን አፉ ውስጥ ሲያገቡ ሞቅ ማለት አለበት፤ ቴርሞሜትር ካለዎት ጤነኛው በፊንጢጣ ሲለካ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከ37 ከወረደ አንጀቱ ስለማይሠራ የሰጡት ወተት ይቆማል፤ መዋጥ ካቃተው ደግሞ ወደ ሳንባው ይገባል። መጀመሪያ በጨርቅ አሽተው ያድርቁት፣ ይጠቅልሉት፤ ሙቅ ውሃ የያዘ ፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው ከጎኑና ከጎኑ ያድርጉ። አፉ ሲሞቅና መጥባት ሲፈልግ ያጥቡት።

የሚጠባውም ወተት ሳይሆን እንገር ነው። ግልገል ከእናቱ ማሕፀን በሽታ መከላከያ ይዞ አይወጣም፤ የሚያገኘው ከእንገር ብቻ ነው። አንጀቱም ያንን መከላከያ ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ከ12 ሰዓት በኋላ በጣም ይቀንሳል፣ በ24 ሰዓት በሩ ይዘጋል። ስለዚህ በተወለደ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ለአንድ ኪሎ 50 ሚሊ ሊትር ይስጡት፤ 2.4 ኪሎ ለሚመዝን ግልገል 120 ማለት ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ያንኑ ሦስት አራት ጊዜ ይድገሙለት። ግልገሉን በወጥ ቤት ሚዛን ላይ ከነቅርጫቱ አስቀምጠው የቅርጫቱን ይቀንሱ።

እንገሩ ከእናቱ ካልተገኘ በዚያው ቀን ከወለደች ሌላ ፍየል ይለቡ፤ እሷም ከሌለች የላም እንገር ይሠራል። የወትሮው የላም ወተት ግን በመጀመሪያው ቀን የእንገርን ቦታ አይሸፍንም። የተረፈ እንገር በበረዶ ቤት ሊቀመጥ ይችላል። ሲያቀልጡት ጠርሙሱን 50 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ እሳት ላይ ከጣዱት መከላከያው ይበስላል።

እናቲቱ ለምን ገፋችው? ሁለቱንም ጡት አልበው ይዩ። የጡቱ ጫፍ በወፍራም እንገር ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠንከር አድርገው ሲያልቡት ይከፈታል። አንዱ ወገን ከሞቀ፣ ከጠጠረና ወተቱ ከረጋ የጡት በሽታ ስለሆነ ሐኪም ይዩት። ጤነኛ ከሆነች በቀን አራት አምስት ጊዜ አጭር አስረው ይያዟትና ግልገሉ ይጥባ። ብዙዎቹ በሁለት ሦስት ቀን ይለምዳሉ፤ አንዳንዷ በጭራሽ እሺ አትልም፣ ያን ጊዜ ጡጦ ነው።

በጡጦ ሲያጠቡ ጡጦውን በእናቱ ጡት ከፍታ ይያዙ፤ ግልገሉ አንገቱን ዘርግቶ ቀና ሲል ወተቱ ወደ ትክክለኛው ጨጓራ ይሄዳል። ባልዲ ላይ አቀርቅሮ ከጠጣ የተወሰነው ገና ወዳልተዘጋጀው ትልቁ ጨጓራ ይገባና ይቦካል። ወተቱ ከ38 እስከ 40 ዲግሪ ይሁን። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ክብደቱ ላይ ተመሥርቶ በቀን ከ15 እስከ 20 በመቶ፣ ለመጀመሪያው ሳምንት በአራት ተከፍሎ ይሰጣል። የላም ወተት ይሆናል፤ ውሃ አይጨምሩበት። በየሳምንቱ መዝነው መጠኑን ያስተካክሉ። ተቅማጥ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ወተቱ ሳይሆን «ይጮኻል፣ ርቦታል» እየተባለ የሚጨመርለት ነው።

እትብቱን በአዮዲን መንከርም አይርሱ፤ ጠብ ማድረግ አይበቃም፣ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አስገብተው ሆዱ ላይ ገጥመው ይገልብጡት።

ጥያቄ፦ ፍየሎቹ ሌሊት የእህል ከረጢት ቀደው በሉ። ጠዋት የአንደኛዋ ሆድ በግራ በኩል ተነፍቶ አገኘናት። የምግብ ዘይት አጠጣናት፤ ለውጥ አላመጣም። የት ጋ ተሳሳትን?

መልስ፦ ዘይት የሚያድነው ሌላ ዓይነት መነፋትን ነው። ፍየል እርጥብ የጥራጥሬ ተክል፣ ለምሳሌ አልፋልፋ፣ በባዶ ሆዷ ስትበላ ጨጓራዋ ውስጥ እንደ ሳሙና ያለ አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋው አይገሳም። 100 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት አረፋውን ይሰብርና አየሩ ይወጣል። እህል ግን በፍጥነት ቦክቶ አሲድ ያመነጫል፤ አሲዱ የጨጓራውን ጠቃሚ ተሕዋስያን ይገድልና ወደ ደሟ ይገባል።

ለመለየት ግራ ጎኗን ከመጨረሻው ጎድን አጥንት ኋላ በጣት መታ መታ ያድርጉ። ከበሮ ከመሰለ አየር ነው። በጡጫ ሲጫኑት ሊጥ ከመሰለ ወይም ውሃ እንደያዘ እንስራ ከተንቦጫረቀ እህሉ ነው። እህል የበላች ፍየል ማመስኳት ታቆማለች፣ ጥርሷን ታፋጫለች፣ ቀጥሎም የሚጎመዝዝ ሽታ ያለው ቀጭን ተቅማጥ ይመጣባታል፤ ስትሄድ ትንገዳገዳለች።

ገና በቆመችበት ሰዓት ለአንድ ኪሎ 1 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ይስጧት። 30 ኪሎ ለምትመዝን 30 ግራም፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጠው። ሶዳ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ራሱ ጋዝ ስለሚፈጥር ሆዷ እንደ ከበሮ ከተወጠረ መጀመሪያ አየሩ በቱቦ መውጣት አለበት። ቱቦውን ማስገባት የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ በስሕተት ወደ ሳንባ ገብቶ መድኃኒት ከተለቀቀበት ፍየሏን የሚገድላት ሕክምናው ይሆናል።

ሲያጠጡ ራሷን ሽቅብ አይገልብጡ። አፍንጫዋ ከዐይኗ ከፍታ አይለፍ፤ ጠርሙሱን በጉንጯ በኩል አስገብተው በጉርሻ በጉርሻ ይስጡ፤ ካሳላት ወዲያው ራሷን ይልቀቁ። ከተኛችና መነሣት ካቃታት ግን በቤት የሚደረግ ነገር አልቋል፣ ሐኪም ይጥሩ።

ያልታመሙትንም አይርሱ። ከእህሉ የቀመሱት ሁሉ ለሁለት ቀን ድርቆሽና ውሃ ብቻ ያግኙ። ምልክቱ እስከ 36 ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። ከዳኑም በኋላ ባሉት ሳምንታት ሰኮናቸው ሞቆ ቢያነክሱ ምክንያቱ ያው እህል ነው። ደልቦ የነበረ ግልገል ደግሞ እህል በበላ ማግስት ሳይታመም ሞቶ ከተገኘ በአንጀት ውስጥ በድንገት የሚራባ ባክቴሪያ መርዝ ይጠረጠራል፤ ክትባት አለው፣ በአራት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጣል።

እህል መስጠት ከፈለጉ በቀን ከ100 ግራም ጀምረው በየሁለት ሦስት ቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ በሁለት ሦስት ሳምንት ያላምዷቸው፤ ጠዋት ከድርቆሽ በኋላ እንጂ በፊት አይሁን። ከረጢቱም ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ ይግባ። ፍየል መቀርቀሪያ በምላሷ ትከፍታለች።

ጥያቄ፦ ቦታ ስለጠበበን ዶሮዎቹ ከፍየሎቹና ከሁለት በጎች ጋር በአንድ ጉረኖ ያድራሉ። ቆጡ ከፍየሎቹ በላይ ነው። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። ቀን አብረው ቢውሉ ግን ጥሩ ነው፤ ዶሮዎቹ ፍጉን እየጫሩ የዝንብ እጭ ይለቅማሉ። ችግሩ ማደሩ ነው፦ ኩሳቸው ገንዳው ውስጥ ይወድቃል፣ የፍየል መኖና ውሃ ይበክላል፤ ፍየል ደግሞ የቆሸሸ መኖ ከመብላት ጾሟን ታድራለች። ቆጡን በሽቦ ወይም በእንጨት ለይተው ወደ ጥግ ያዙሩት። መተላለፊያውን 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ካደረጉት ዶሮ ያልፋል፣ ትልቅ ፍየል አያልፍም፤ የዶሮ መኖው ያለው ከዚያ ወዲያ ይሁን። ትናንሽ ግልገሎች ሊሾልኩ ስለሚችሉ መኖውን ከፍ አድርገው ይስቀሉት። የዶሮ መኖ ለፍየል ከላይ የጻፍነው የእህል ጣጣ ነው። አህያ ወይም ፈረስ ካለዎት ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቁ፤ ለጫጩት የተዘጋጀ መኖ አንዳንድ ጊዜ ሞኔንሲን የሚባል መድኃኒት ይጨመርበታል፣ እሱም ጥቂቱ እንኳ ፈረስን ይገድላል።

ሳይጠይቁን የምንጨምረው ስለ በጎቹ ነው። ለፍየል ተብሎ የተሠራ የማዕድን ጨው መዳብ አለው፤ ፍየል ያስፈልጋታል። በግ ግን መዳቡን በደንብ ማስወገድ ስለማይችል ጉበቱ ውስጥ ለሳምንታትና ለወራት ያጠራቅመዋል። ምንም ሳይታይበት ቆይቶ አንድ ቀን ሽንቱ ቀልቶ፣ ዐይኑ ቢጫ ሆኖ ይሞታል። አብረው የሚልሱ ከሆነ የበጉን ጨው ያድርጉ፣ ለፍየሎቹ ያለውን በተናጠል ይስጡ።

ጥያቄ፦ ሙክታችን ጅራቱን እያወዛወዘ ያምጣል፣ ይጮኻል። ሆድ ድርቀት መስሎን ዘይት ሰጠነው። ፉርሽካ በደንብ ይበላል።

መልስ፦ ሆድ ድርቀት አይደለም፤ የሽንት ጠጠር ሊሆን ስለሚችል ሰዓታት ይቆጠራሉ። ሽንቱ በጠብታ ከሆነ፣ ደም ካለው ወይም በብልቱ ጫፍ ጸጉር ላይ እንደ አሸዋ ያለ ነገር ከተያዘ ሐኪም አሁኑኑ ይጥሩ። ጠጠሩ ብዙ ጊዜ የሚያዘው በብልቱ ጫፍ ባለችው ቀጭን የክር መሰል ቅጥያ ላይ ስለሆነ ሐኪሙ እሷን ቆርጦ ሊያስተነፍሰው ይችላል። ፊኛው ከፈነዳ እንስሳው ለጥቂት ጊዜ የተሻለው ይመስላል፤ ከዚያ ይሞታል።

ምክንያቱን ራስዎ ጽፈውታል። ፉርሽካ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት ነው፤ በመኖው ውስጥ ግን ካልሲየሙ የፎስፈረሱ እጥፍ መሆን አለበት። ፉርሽካውን ቀንሰው ድርቆሽ ያብዙ፤ የሚልሰው ጨው ያግኝ፣ ውሃውም ንጹሕ ይሁን፤ ጨው የላሰ ይጠጣል፣ የጠጣ ይሸናል። ግልገሉን በጣም በልጅነቱ ማኮላሸትም የሽንት ቧንቧውን ቀጭን ሊያስቀረው ይችላል።

በአጭሩ

*ዕድሜዋን በጥርስ እንዴት ላውቅ?* ፍየል ከላይ የፊት ጥርስ የላትም፤ ከታች ስምንት አሏት። መካከለኞቹ ሁለቱ ሰፋፊ ጥርሶች የሚተኩት በአንድ ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አንድ ጥንድ እየተጨመረ ስምንቱም ሲሰፉ አራት ዓመት ገደማ ሆኗታል። በዚህ ዘዴ ወር አይነገርም።

*የወተታችን ሽታ ለምን ይከብዳል?* ወጠጤው ከጥገቶቹ ጋር ካደረ ሽታው ወተቱ ላይ ይያዛል፤ ይለዩት። ሌላው መዘግየት ነው፤ ወተቱን አጥልለው ዕቃውን በረዷማ ውሃ ውስጥ ወዲያው ያቁሙት። ከመታለቡ በፊት የመጀመሪያውን ወተት ጥቁር ጨርቅ ላይ ጨምቀው ይዩ፤ ከረጋ ሽታው የጡት በሽታ ነው።

*የሰባት ወር ሴት ፍየል ለወጠጤ ትደርሳለች?* ወሩ ሳይሆን ሜትሩ ይመልሳል። የዘሯ ትልልቆች 40 ኪሎ ከሆኑ እሷ 26 ወይም 28 ሳትሞላ አትጠቃ። ወንድ ግልገሎች ከሦስት ወር ጀምሮ ማስረገዝ ስለሚችሉ ከእናታቸውና ከእኅቶቻቸው ይለዩአቸው። ካልያዘላት በ21 ቀን ገደማ ትመለሳለች። ከያዘላት የተጠቃችበትን ቀን ይጻፉና 150 ቀን ይቁጠሩ። በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ፅንሱ ፈጥኖ ስለሚያድግ መኖዋን ቀስ በቀስ ያሻሽሉ፤ ከ145ኛው ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ፋኖስ ይዘው ይዩአት።